ሦስት ቋሊማ ከሦስት ሥጋ ቤት፦ ነጥብ በምን ይሰጣል?

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሥጋ ቤት የመጣ ቋሊማ ጎን ለጎን አድርገን ለመቅመስና ነጥብ ለመስጠት አስበናል። ሁለቱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ነው። ሦስቱም የበሬ ሥጋ፣ በቀጭን አንጀት ተሞልተው የደረቁ ናቸው። ቀማሾች ስድስት ነን።

«ይጣፍጣል፣ አይጣፍጥም» ብቻ ከሆነ ሁሉም የለመደውን መርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ከመብሰሉ በፊት ምን ምን ይታያል? አበሳሰሉን ለሦስቱም እንዴት እኩል ላድርገው? ከመቶ ቢሆን ለሽታ ስንት፣ ለጣዕም ስንት፣ ሲታኘክ ላለው ስንት ይሰጥ?

ሁለት ያላወቅኋቸው ነገሮችም አሉ። የኮምቦልቻው ከላይ እንደ ቆዳ ደርቋል፣ ሲጫኑት ግን መሃሉ ገና ለስላሳ ነው። ከደሴዎቹ አንዱ ላዩ ላይ ነጭ ነገር አለው፤ ጨው ይሁን ሻጋታ አልለየሁትም።

ወርችና ሻኛ

እህቴ፣ መጀመሪያ ነጩ ይለይ፤ እሱ ሳይለይ ወደ አፍ አይገባም። አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፊበት። ሟሙቶ ከጠፋ ጨው ነው፤ ውሃው ሲወጣ አብሮ ወጥቶ የደረቀ። በጣትሽ ሙቀት ቀልጦ ጣትሽን ካወዛው ስብ ነው፤ ቋሊማው ሞቃት ቦታ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ካልሆነና እንደ ዱቄት ብን የሚል ወይም ፀጉር ያወጣ ከሆነ ሻጋታ ነው። ውጭ አገር ነጭ ሻጋታ ሆን ብለው የሚዘሩበት ቋሊማ አለ። እዚህ ግን ማንም አልዘራውም፣ ምን ዓይነት እንደሆነም በዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ ሻጋታ ከሆነ ለቅምሻ አይቅረብ። አረንጓዴና ጥቁር የሆነው፣ ወይም ሲነኩት የሚያሟልጨው ደግሞ ታጥቦም ተጠብሶም አይድንም፣ ይጣላል።

የኮምቦልቻው ነገር የአደራረቅ ስህተት ነው። ቋሊማ ሲደርቅ ውሃው የሚሄደው ከመሃል ወደ ውጭ ነው። የመሃሉ ርጥበት ቀስ እያለ ወደ አንጀቱ ይመጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ፀሐይ ካገኘው ወይም ኃይለኛ ነፋስ ላይ ከተሰቀለ ግን ላዩ መሃሉን ሳይጠብቅ ደርቆ ይዘጋል፣ የመሃሉ ውሃ መውጫ ያጣል። ውሃ ታፍኖ የቀረበት ሥጋ ደግሞ ከውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ለማረጋገጥ ከወገቡ ላይ አግድም ቁረጪው። ዙሪያውን የጠቆረ ቀለበት፣ መሃሉ ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ይኸው ነው። በደንብ የደረቀ ቋሊማ ከጠርዝ እስከ መሃል ቀለሙ አንድ ነው።

ጥሬውን ስትቆርጪ ሌሎች ሦስት ነገሮችም እዩ።

አንደኛ ስቡ። የስቡ ቅንጣት ከቀዩ ሥጋ ተለይቶ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ሁሉም ተቀላቅሎ ሮዝ ጭቃ ከመሰለ ሥጋው ሞቆ ነው የተፈጨው፣ ወይም የመፍጫው ምላጭ ደንዟል። ስቡ ተለቅልቆ ቀዩን ስለሸፈነው ሥጋው እርስ በርሱ አይያያዝም፤ እሳት ሲነካው ስቡ ሁሉ መጥበሻው ላይ ይፈስና በእጅሽ ደረቅ ፍርፋሪ ይቀራል። የስቡ ዓይነትም ይታይ። የሻኛ ወይም የፍሪምባ ስብ አፍ ውስጥ ይለዝባል። ሞራ የገባበት ግን ከአፍ ሙቀት በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ሁለት ቁራጭ ከተበላ በኋላ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይጋገራል። ብዙ ሥጋ ቤት ሞራ የሚጨምረው ትርፍ ሆኖ ስለሚቀርለት ነው፣ ነጥብ ይቀነስበት።

ሁለተኛ ቀዳዳ። ሲሞላ አየር ከገባና በመርፌ ካልተበሳ ውስጡ ባዶ ኪስ ይቀራል። ኪሱ ንጹሕ ከሆነ የእጅ ሥራ ጉድለት ነው፣ ጥቂት ነጥብ ይወስዳል። የኪሱ ግድግዳ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ከሆነ ግን የነጥብ ጉዳይ አይደለም፣ ያ ቋሊማ ይወጣል።

ሦስተኛ አንጀቱ። አፍንጫሽን አስጠግተሽ የፈርስ ሽታ ካለው በደንብ አልተገለበጠም፣ አልተፋቀም። በትክክል የተሠራ አንጀት ይገለበጣል፣ በካራ ጀርባ ልሃጩ እስኪለቅ ይፋቃል፣ በጨውና በሎሚ ይታሻል፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። እዚህ ላይ የሰነፈን ሥጋ ቤት የትኛውም ቅመም አይሸፍንለትም።

ጦሳ ግርጌ

አበሳሰሉን ልጨምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ስለምትል በ94 አካባቢ። በመጽሐፍ ላይ «10 ደቂቃ ቀቅል» የሚለው ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው፣ እኛ ጋ አይበቃም። ስለዚህ በደቂቃ ሳይሆን በመሃሉ ሙቀት ሂዱ። የተፈጨ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። የሚሰካ ቴርሞሜትር ካላችሁ በጣም ወፍራሙ ቁራጭ ላይ ሰክታችሁ አንብቡ።

ይህን የምለው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ከበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል እጭ በጨውና በማድረቅ ብቻ ሞቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። ቀለሙም አያሳምንም፤ በርበሬና እርድ ያለበት ቋሊማ ጥሬም ሆኖ ብስል ይመስላል፣ ብስልም ሆኖ ቀይ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። የእያንዳንዱን ቋሊማ ሁለቱንም ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና አውጡ፤ ጫፍ ሁልጊዜ ይበልጥ ደርቆ ጨዋማ ስለሚሆን ሚዛን ያዛባል። የቀረውን በ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆራርጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ከየዓይነቱ ሁለት ቁራጭ ካሰባችሁ ለአንድ ዓይነት 12 ቁራጭ ነው፣ ማለትም ጫፉን ጨምሮ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል። ትንሽ ትርፍ ይኑራችሁ፤ ቴርሞሜትር የተሰካበት ቁራጭ ለሰው አይቀርብም።

መጥበሻ ላይ ዘይትም ቅቤም አይነካም። ቁራጮቹን ደርድሩ፣ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ (የቡና ስኒ ሙሉ ገደማ) ጨምሩ፣ ክደኑ፣ እሳቱን ቀንሱ። እንፋሎቱ መሃሉን ያበስለዋል። 8 ደቂቃ ገደማ ላይ ከፍታችሁ ለኩ። 71 ከደረሰ ክዳኑን አንሱ፣ ውሃው ይለቅ፣ ከዚያ በራሱ ስብ እያንዳንዱን ጎን 1 ደቂቃ ተኩል አገላብጡት። ቴርሞሜትር ከሌለ ተከድኖ የሚቆይበትን 12 ደቂቃ አድርጉት፤ ውሃ ካለቀ ትንሽ ጨምሩ። ለሦስቱም አንድ መጥበሻ፣ አንድ እሳት፣ በየመሃሉ መታጠብ። በኃይለኛ እሳት የጀመረ ሰው አንጀቱ ይኮማተርበታል፣ ሥጋው በጎን ይፈነዳል፣ ከዚያ «ይህ ቋሊማ ደረቅ ነው» ብሎ ሥጋ ቤቱን ይወቅሳል።

ከመጠበሱ በፊትና በኋላ መዝኑት። ከሦስቱ የበለጠ ክብደት የጣለውና ብዙ ስብ መጥበሻ ላይ የተወው የትኛው እንደሆነ በወረቀት ይያዝ። ከላይ ወርችና ሻኛ ያለው የስብ መለቅለቅ እዚህ በቁጥር ይታያል።

ቅመም ከሰኞ ገበያ

ወንድሞቼ ስለ ሥጋው ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ጨውና ቅመም ልበል።

ለሚደርቅ ቋሊማ ጨው በኪሎ 25 ግራም ያህል ነው። ሲሞላ 2.5 በመቶ የነበረው ቋሊማው የክብደቱን ሲሶ ሲያጣ ወደ 3.7 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ ቢገኝ ባለሙያው ጨው አብዝቶ ነው አትበሉ፤ ይበልጥ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በቁርጡ ላይ ድርቀቱን አይታችሁ ፍረዱ። ያልደረቀ ሆኖ ጨዋማ ከሆነ ግን ጨው በዝቶበታል። ያልደረቀና አልጫ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩት፣ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ጨው ሌላም ሥራ አለው። ሥጋው በጨው ታሽቶ እጅ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ካልተለወሰ ሲቆረጥ ይፈርሳል። ቁራጩን በሁለት ጣት አጠፍ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ የታሸው ይታጠፍና ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ያልታሸው ወዲያው ይበተናል።

ሽንኩርት ላይ ተጠንቀቁ። አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፣ ስኳርም አለው። ጥሬውን ከትፎ የሞላ ሰው ለሥጋው ውሃም ስኳርም ጨመረለት፤ ድርቀቱ ይዘገያል፣ ቋሊማው ቶሎ ይኮመጥጣል። ሽንኩርት የሚገባ ከሆነ ያለ ዘይት ተቁላልቶ፣ ውሃው አልቆ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ ሽንኩርት ከተጨመረ ደግሞ ስቡን ያቀልጠዋል።

በኪሎ ሥጋ ጥሩ የምለው ሚዛን ቁንዶ በርበሬ 3 ግራም፣ ኮረሪማ 2፣ ደረቅ ዝንጅብል 2፣ ቀረፋ 1፣ ነጭ ሽንኩርት 8 ነው። ቅርንፉድ ከግማሽ ግራም አይለፍ። ቅርንፉድ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀመሰው ሁሉ አይታወቅም። ቅርንፉድና በርበሬ በጣም የጎላበት ቋሊማ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሊሸፍን ነው?» ብዬ ነው። ስለዚህ በቅምሻው ቅመም የከበደው ዓይነት መጨረሻ ላይ ይቅረብ።

ኮረሪማው ትኩስ ከሆነ ከማኘክ በኋላ በአፍንጫ ይመለሳል። ተፈጭቶ የከረመ ከሆነ ግን መራራነቱ ብቻ ይቀራል። ይህን ለመለየት አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ አየር አውጡ።

ቦርከና ዳር

አሰላሙ አለይኩም። ስለ ኮምቦልቻ ቋሊማ አንድ ነገር ይስተካከል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ላይ በብርድ ቀስ ብሎ የሚደርቀው እዚህ በቀን ሙቀት ይቸኩላል። የሚያውቅ ሥጋ ቤት ማምሻውን ሞልቶ ሌሊት ያንጠፈጥፈዋል፣ ቀን ጥላ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቀጠን ያለ አንጀት ይመርጣል። የሆጤዋ የገዛሽው ይህ ያልተደረገለት ነው፤ የከተማው ቋሊማ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ደሴም የራሷ ችግር አላት። ሐምሌና ነሐሴ በጭጋጉ ምንም አይደርቅም፣ በበልጉ ዝናብም እንዲሁ፤ በእነዚያ ወራት «የደረቀ» ተብሎ የሚሸጥ ቋሊማ ወይ ጭስ ላይ የቆየ ነው ወይ አልደረቀም። ለውድድር የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው።

ኮምጣጣነትን ሁሉ ጥፋት አድርጎ መቁጠርም ልክ አይደለም። በሐረር በኩል ዋካሊም የሚሉት ቋሊማ በተፈጥሮው የሚብላላ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ባክቴሪያዎች ሥጋውን ያኮመጥጡታል፣ ያም ከመበላሸት ይጠብቀዋል። የእርጎ ዓይነት ንጹሕ ኩምጣጤ ነጥብ ያስገኛል። ጉሮሮ የሚከረክር፣ የከረመ ቅቤ የሚሸት ከሆነ ግን ስቡ ተበላሽቷል። እንቁላል የገማ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ሥጋው ራሱ ሄዷል። ሦስቱን ቀማሾቹ ለይተው እንዲጽፉ በወረቀቱ ላይ «እርጎ፣ የከረመ ቅቤ፣ የገማ» ብላችሁ አስቀምጡላቸው፤ ዝም ብሎ «ይኮመጥጣል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ማሽተቱ ከመቅመሱ ይቅደም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሸተቱበት አይቀመስም።

ከብቱም ቋሊማው ውስጥ አለ። ከሩቅ ገበያ በእግሩ ተነድቶ መጥቶ ሳያርፍ የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፣ ያጣብቃል፣ መኮምጠጥም ያቅተዋል፤ ጡንቻው ውስጥ የነበረው ጉልበት በመንገድ ስላለቀ። እንዲህ ያለ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ሥጋ ቤቱን «አድሮ ነው የታረደው? ውሃስ ጠጥቷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የቄራ ማኅተም መኖሩም ይጠየቅ።

ነጥቡን በተመለከተ እኔ ለመልክ 5፣ ለቁርጡ 20፣ ለሽታ 25፣ ለጣዕም 25፣ ሲታኘክ ላለው 25 እሰጣለሁ። ጣዕም ከዚያ በላይ ከተሰጠው ቅመም ያበዛው ያሸንፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሥጋ ቤቶቹን ስም ሸፍናችሁ በቁጥር የምታቀርቡ ከሆነ የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ቋሊማ እንዳይደባለቅ። ቀማሹ ማን እንዳረደው ማወቅ መብቱ ነው። ቀማሾቹ ከሁለቱም ወገን ከሆኑ ከሁለቱም ወገን ሥጋ ቤት ይገዛና ሁለት ገበታ፣ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ካራ ይሁን። ቀኑም ረቡዕና ዓርብ አይሁን።

የሆጤዋ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እድሜ ይስጣችሁ። ሦስቱም ከሙስሊም ሥጋ ቤት ናቸው፣ ቀማሾቹም እንዲሁ፤ ስለዚህ አንድ ገበታ ይበቃል። ነጩ በውሃ ጠብታ ሟሟ፣ ጨው ነው። የኮምቦልቻው ሲቆረጥ ጥቁር ቀለበቱ አለ፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ቀዳዳ የለውም፣ ሽታውም እርጎ እርጎ ነው። ይቀመስ ወይስ ይውጣ? አፍ ለማጠቢያስ ምን ይቅረብ? እንጀራ ይሆናል?

ወርችና ሻኛ

ሽታው ንጹሕ ከሆነና 71 ዲግሪ ከበሰለ ይቀመስ፤ ለቁርጡ ከተሰጠው 20 ግን ከ8 በላይ አትስጡት። ቀለበቱን ለማስተካከል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ማሳደር ይቻላል፣ ርጥበቱ ከመሃል ወደ ዳር ይከፋፈላል። ያ ለሚበላ ነው እንጂ ለሚመዘን አይሆንም፤ ሥጋ ቤቱ የሠራውን እንጂ ያንቺን ጥገና አትመዝኑም።

ዋጋም ካነጻጸራችሁ በድርቀቱ ልክ አስሉት። ክብደቱን 35 በመቶ የጣለ 1 ኪሎ ቋሊማ 1.54 ኪሎ ጥሬ ገብቶበታል፤ 20 በመቶ ብቻ የጣለው 1.25 ኪሎ ነው። በኪሎ ውድ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ውሃ ያልሸጠው ነው።

ጦሳ ግርጌ

እንጀራ አይሆንም፤ የራሱ ኩምጣጤ አለው፣ የቋሊማውን ያጠፋባችኋል። ጨው የሌለው የስንዴ ቂጣና ለብ ያለ ውሃ አቅርቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ስቡን ላንቃ ላይ ያረጋዋል። ቡና፣ በተለይ በጨው የሚጠጣው፣ ቅምሻው ካለቀ በኋላ ይፈላ። ጫት የቃመ አፍ ደረቅና ጎምዛዛ ስለሆነ ቅምሻው ከበርጫ በፊት ይሁን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ ገበታው ላይ አይታይ።

ሦስት ዓይነት ይዛችሁ አራት ሳህን አቅርቡ። ከሦስቱ አንዱን በሌላ ቁጥር ድገሙት፣ የትኛው እንደተደገመ ጠባሹ ብቻ ይወቅ። አራተኛ ሳህን ሲጨመር ከተደገመው ዓይነት 24 ቁራጭ ያስፈልጋል፣ በዚያ ልክ ግዙ። አንዱ ቀማሽ ለዚያው ቋሊማ በአንዱ ሳህን 80፣ በሌላው 60 ከሰጠ የእሱ ወረቀት ከድምሩ ይውጣ። ቁጥሩ 1፣ 2፣ 3 አይሁን፤ ሰው 1 ላይ ያደላል። እንደ 417፣ 852 ያለ ይሁን። ቅመም የከበደው መጨረሻ ይቅረብ የተባለው እንዳለ ሆኖ የቀሩትን ቅደም ተከተል ለየሰዉ ቀያይሩት።

ቅመም ከሰኞ ገበያ

ሲጠበስ ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው ቀማሾቹ ማድ ቤት አጠገብ አይቀመጡ፣ አፍንጫ ይለምዳል። ቁራጮቹ ተከድነው ይምጡና ክዳኑ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ይከፈት፤ የሽታ ነጥብ በዚያች ቅጽበት ይጻፍ። ከዚያ 2 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቅመሱ፣ በጣም ትኩስ ሥጋ ጨው አያስታውቅም። የሁለተኛው ቁራጭ ነጥብ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይሰጥ። ሞራ የገባበት ከሆነ ላንቃ ላይ የሚጋገረው ያኔ ነው።